አክሶሎትል ለማሳደግ ላሰቡ የጀሞ ጎረቤቴ

ውድ ጎረቤቴ፣

ልጅዎ በማይንክራፍት ጨዋታ ያየችውን እንስሳ «እቤት እናሳድግ» እያለች መግቢያ መውጫ አሳጥታዎት ከሆነ፣ ይህ ደብዳቤ ለእርስዎ ነው። እኔ በኮንዶሚኒየም ቤቴ የማሳድገው የወርቅ ዓሣ እንጂ አክሶሎትል አይደለም። ሆኖም ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አኳሪየም ማቆም ምን እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። ስለዚህ አንድ ነገር አጥብቄ እለምንዎታለሁ፤ እንስሳውን ከመግዛትዎ በፊት ውሃውን ያዘጋጁ። ይህም ሁለት ወር ገደማ ይፈጃል።

አክሶሎትል ሳላማንደር ከሚባሉት የእንቁራሪት ዘመዶች ወገን ነው። እንቁራሪት ስታድግ ስንጥቧን ጥላ ወደ የብስ ትወጣለች፤ እሱ ግን ከአንገቱ ግራና ቀኝ እንደ ላባ የተዘረጋውን ስንጥብ ይዞ ዕድሜውን ሙሉ ውሃ ውስጥ ይኖራል። በደንብ ከተያዘ ከ10 እስከ 15 ዓመት ይቆያል። ዛሬ የ8 ዓመት ልጅ ይዛ የምትጀምረው እንስሳ ዩኒቨርሲቲ እስክትገባ አብሯት ሊኖር ይችላል ማለት ነው። እግሩ ቢቆረጥ መልሶ ያበቅላል፤ ሳይንቲስቶች በ1864 እ.ኤ.አ. 34 አክሶሎትሎች ከሜክሲኮ ፓሪስ ከገቡበት ጊዜ ጀምሮ በየላቦራቶሪው ሲያራቡት የኖሩበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው።

ደስ የሚለው ነገር የሰፈራችን አየር ለእሱ የተስማማ መሆኑ ነው። የአክሶሎትል አገሩ ከሜክሲኮ ሲቲ በስተደቡብ የሚገኙት የሾቺሚልኮ ቦዮች ናቸው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,240 ሜትር ገደማ ላይ ማለት ነው። እኛም በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ፣ የፉሪን ተራራ እያየን፣ ከዚያ ብዙም በማይርቅ ከፍታ ላይ ነን። አክሶሎትል የሚስማማው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ ውሃ ነው። 24 ዲግሪ ከደረሰ መብላት ያቆማል፣ ይታመማል። በሞቃት አገር ያሉ አሳዳጊዎች ለዚህ ሲሉ ውድ የውሃ ማቀዝቀዣ ማሽን ይገዛሉ። ጀሞ ላይ በክረምት ሰማዩ ራሱ ይህን ሥራ ይሠራልዎታል። የሚያሳስበው ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው ወቅት ነው፤ በተለይ ቤትዎ ከቆርቆሮው ሥር ያለው የመጨረሻው ፎቅ ከሆነ ቀን ላይ ክፍሉ በጣም ይግላል። የውሃውን ገጽ የሚነፋ ትንሽ ቬንትሌተር ሁለት ሦስት ዲግሪ ያወርዳል።

መስታወት ቤት ሲሄዱ ርዝመቱ 90፣ ወርዱና ቁመቱ 40 ሴንቲሜትር የሆነ ሳጥን ያሠሩ። ይህ እንስሳ ወለል ላይ የሚሄድ ስለሆነ የሚጠቅመው ጥልቀት ሳይሆን ስፋት ነው። ውሃው 30 ሴንቲሜትር ሲደርስ ብቻውን 108 ኪሎ ይመዝናል፤ በቺፑድ የቴሌቪዥን ጠረጴዛ ላይ እንዳያስቀምጡት። ወለሉን ባዶ ይተዉት ወይም የደቀቀ ንጹሕ አሸዋ ያልብሱት። ጠጠር ግን በፍጹም አይሁን፤ አክሶሎትል ምግቡን በአፉ ስቦ ስለሚውጥ ጠጠሩም አብሮ ይገባና አንጀቱን ይዘጋዋል። የዓይን ቆብ ስለሌለው ደማቅ መብራት ያስቸግረዋል፤ ጠርዙ ለስላሳ የሆነ የሸክላ ዕቃ በጎኑ ቢያስተኙለት መጠለያ ይሆነዋል።

አሁን ወደ ውሃው ልምጣ። የቧንቧ ውሃችን ክሎሪን አለበት፤ ለእኛ ደኅንነት የተጨመረው ክሎሪን የአክሶሎትልን ስንጥብ ያቃጥላል። ጀሪካን ውስጥ ከድነው ያስቀመጡት ውሃ ክሎሪኑ ቶሎ አይወጣለትም፤ አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ገልጠው ያሳድሩት። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ መጀመሪያ የሚወርደውን ድፍርስ ለልብስና ለመጸዳጃ ይጠቀሙበት። በየሳምንቱ ከሳጥኑ ሩቡን ያህል መቀየር ስለሚኖርብዎት ለዚህ ብቻ የሚሆን ውሃ ሁልጊዜ ቤት ውስጥ ይኑር።

ክሎሪኑ ወጣ ማለት ግን ውሃው ደረሰ ማለት አይደለም። እንስሳው የሚጥለው ቆሻሻ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያ መርዝ ነው። በሳጥኑ ውስጥ በሚቀመጥ፣ በአየር ፓምፕ በሚሠራ የስፖንጅ ፊልተር የሚራቡ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ደግሞ ጉዳቱ ወደሚያንስ ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በገበያ ዕቃ ሆነው ከሳጥኑ ጋር አይመጡም፤ እስኪራቡ መጠበቅ የግድ ነው። በእኛ ቅዝቃዜ ደግሞ ይዘገያሉ። የአየር ፓምፑን ያስነሱና እንስሳ ባልገባበት፣ ውሃ በሞላው ሳጥን ውስጥ በየቀኑ ቆንጠር አድርገው የዓሣ ምግብ ይጣሉ፤ ምግቡ ሲበሰብስ አሞኒያ ይሰጣቸዋል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለዎት ከቸኮሌት ይልቅ የውሃ መመርመሪያ ጠብታ ያስመጡ። በብልቃጥ በተቀዳ የሳጥኑ ውሃ ላይ የአሞኒያ መመርመሪያው ጠብታ ሲገባ ውሃው አረንጓዴ ከሆነ አሞኒያ አለ፤ ቢጫ ሆኖ ከቀረ የለም። አሞኒያውም ናይትራይቱም ምግብ በተጣለ ማግስት ዜሮ ሆነው ሲገኙ ያን ጊዜ ሳጥኑ ነዋሪ ይቀበላል።

መብራት ሲጠፋ አይደናገጡ። አክሶሎትል ወደ ላይ ወጥቶ አየር ይጎርሳል፤ ከእሱ ይልቅ በአየር እጦት የሚጎዱት ፊልተሩ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ናቸው። በፓወር ባንክ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ያኑሩ፤ በዚያ ቀንም አይመግቡት። ላደገ አክሶሎትል በሁለት ወይም በሦስት ቀን አንዴ መመገብ ይበቃዋል። ዋና ምግቡ ፀረ ተባይ ካልነካው አፈር የተገኘ የመሬት ትል ነው። ስንጥቡ ወደ ፊት ተቆልምሞ ካዩት የውሃው ፍሰት በርትቶበታል ወይም ውሃው ተበላሽቷልና ወዲያው ይመርምሩ።

አንድ ጉዳይ ግን ከሁሉ ይከብደኛል። በሾቺሚልኮ በ1998 እ.ኤ.አ. በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 6,000 ያህል አክሶሎትል ተገምቶ ነበር፤ በ2014 እ.ኤ.አ. የተገኘው 36 ነው። ከአጥፊዎቹ አንዱ የከተማው ፍሳሽ ነው፤ ሌሎቹ ደግሞ ለምግብ ተብለው ቦዩ ውስጥ የተለቀቁት ካርፕና ቆሮሶ ናቸው። አዎ፣ ዝዋይና ሐዋሳ ሄደን የምንበላው የእኛው ቆሮሶ! ከአፍሪካ ውሃ ተወስዶ እዚያ ሲለቀቅ የአክሶሎትሉን እንቁላልና ጫጩት የሚበላ ጠላት ሆነ። ያው ስሕተት በእኛ በኩል እንዳይደገም ልብ ይበሉ፤ ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ሳላማንደር የሚባል ፍጥረት በተፈጥሮ የለም። በአንጻሩ ኢትዮጵያ ከ70 በላይ የእንቁራሪት ወገን ዝርያዎች አሏት፤ ከሲሶ በላይ የሚሆኑት ሌላ አገር አይገኙም። አንዳንዶቹ ባሌ ውስጥ በሐረና ጫካና በዙሪያው ብቻ የቀሩ ናቸው። ኪትሪድ የተባለው ገዳይ ፈንገስ በእንቁራሪቶቻችን ላይ ተገኝቷል፤ አክሶሎትልም ሳይታመም ሊሸከመው ይችላል። ስለዚህ ሰለቸን ብለው ወንዝ ውስጥ እንዳይለቁት። የሳጥኑንም ውሃ ወደ ትንሹ አቃቂ በሚወርድ ጅረት አይድፉ፤ በበረኪና አክመው በመጸዳጃ ቤት ያስወግዱት።

እንስሳው የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፉ የሳይተስ ስምምነት የተመዘገበ ነው፤ ኢትዮጵያም ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አባል ናት። በሻንጣ ደብቄ አመጣልሃለሁ የሚልዎትን ሰው እምቢ ይበሉ። ፈቃዱን የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ሄደው ይጠይቁ፤ የሚመጣውም በሰው እጅ የተራባ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ይኑረው።

እስከዚያው አንድ ቴርሞሜትር ገዝተው ሳጥኑን ሊያቆሙበት ባሰቡት ጥግ፣ ውሃ በሞላ ባልዲ ውስጥ ያስቀምጡ። ልጅዎ ከየካቲት እስከ ግንቦት በየቀኑ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እያነበበች በደብተር ትጻፍ። ቁጥሩ ከ20 በላይ እየደጋገመ ከወጣ ሌላ ክፍል ይፈልጉለት፤ ሌላ ክፍል ከሌለ የወርቅ ዓሣ ያሳድጉ፤ በዚያ በኩል የምችለውን ሁሉ እረዳዎታለሁ።

አክባሪዎ፣
የጀሞ ጎረቤትዎ