የተነቀለው ንሥር



ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ አንድ የአገሬ ልጅ መጥቶ ከፌስታሉ ውስጥ አሮጌ የወታደር ቆብ አወጣና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። «ጋሼ፣ አንተ እዚሁ ጀርመን የተማርክ ሰው ነህ፤ ጋዜጠኛም ነበርክ፤ እስቲ እይልኝ» አለ። ከአሮጌ ዕቃ ገበያ በ300 ዩሮ ገዝቶታል። ሻጩ «የጦርነቱ ዘመን የመኮንን ቆብ ነው፤ ንሥሩም የራሱ ነው» ብሎታል። በእጥፍ ሸጦ ትርፉን ለእናቱ መድኃኒት ሊያደርግ አስቧል። 300ውም ቢሆን ለእናቱ ሊልክ ያጠራቀመው ነበር።

ንሥሩ በጥፍሩ የያዘው ስዋስቲካ ላይ ቁራጭ ወረቀት ተለጥፎበታል። የጀርመን የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 86ሀ የናዚን ምልክት በአደባባይ ማሳየት ስለሚከለክል ነጋዴዎቹ እንዲህ ይሸፍኑታል።

እኛ የወታደሩን ቆብ «መለዮ» ማለታችን ለካ በከንቱ አይደለም፤ ማንነቱም ዘመኑም የሚለየው በእሱ ነው። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እሰጣለሁ።) ክቡ ጥቁር፣ ነጭና ቀይ ምልክት የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ነው፤ በ1897 ለመላው የጀርመን ጦር ሆነ። የቫይማር ሪፐብሊክ አወረደው፤ ሂትለር ሥልጣን በያዘበት በ1933 ተመለሰ። ስዋስቲካ የያዘው ንሥር ግን ጦሩ ቆብ ላይ የወጣው በ1934 መጀመሪያ፣ የመከላከያ ሚኒስትሩ ፎን ብሎምበርግ ባወጡት ትእዛዝ ነው። ስለዚህ ንሥሩ ያለበት የጦሩ ቆብ፣ ንሥሩ ኋላ የተሰፋ ካልሆነ በቀር፣ ከ1934 አይቀድምም።

የመኮንኖች የዘመቻ ቆብ ደግሞ ዓይነቱ ሦስት ነው። የ1934ቱ ከፊቱ ለስላሳ ጥላ አለው፤ ምልክቱም በሽመና የተሠራ ጠፍጣፋ ነው። በ1938 መጨረሻ የታዘዘው ጥላ የሌለው፣ ታጥፎ ኪስ የሚገባው ነው፤ ጠርዙን የብር ቀለም ያለው ክር ይዞረዋል። የጄኔራሎቹ ወርቃማ ነው። በ1943 ጥላ ያለውና ብዙውን ጊዜ ከፊቱ ሁለት ቁልፍ የሚደረግበት መጣ።

የልጁ ቆብ ጥላ የለውም፤ ጠርዙ የብር ነው። ከክቡ ምልክት በላይ ልክ የእኛን «ለ» ፊደል በሚመስል ቅርጽ የመርፌ ቀዳዳ ተደርድሯል፤ ውስጡም የቀይ ክር ቅሪት አለ። ይህ «ለ» የክፍሉ ቀለም ነበር፤ ነጭ ለእግረኛ፣ ቀይ ለመድፈኛ፣ ሮዝ ለታንከኛ። በሐምሌ 1942 እንዲቀር ታዘዘ። እንግዲህ ባለቤቱ የመድፈኛ መኮንን ነው፤ ቆቡም ከዚያ ትእዛዝ በፊት የተሰፋ ነው። እስከዚህ ሻጩ አልዋሸም።

ንሥሩ ግን አላማረኝም። ልጁ በሚሠራበት ሱቅ የሐሰት ብር የሚለዩበት መብራት ስላለ እዚያ ይዘነው ሄድን። ቆቡ ጨለም እንዳለ ቀረ፤ የንሥሩ ክር ግን ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ቦግ አለ። እንዲህ የሚያበሩት የማንጫ ኬሚካሎች በክርና በሳሙና ውስጥ በሰፊው የገቡት ከጦርነቱ በኋላ ነው። ይህ ብቻውን አይበቃም፤ አሮጌ ጨርቅም በዛሬ ሳሙና ከታጠበ ያበራል። እዚህ ግን ቆቡ ሳይበራ ንሥሩ ብቻ በራ። ጠርዙን ገለጥ ስናደርግ ከሥሩ የሌላ ንሥር ጥላ አየን፤ ፀሐይ ያላገኘው ጨርቅ ጠቆር ብሎ፣ ክንፉ ከአዲሱ ረዘም ብሎ፣ የድሮ ቀዳዳዎቹም ከአዲሱ ስፌት ሳይገጥሙ።

ነገሩ ግልጽ ነው። በ1945 ጀርመን ስትሸነፍ አሸናፊዎቹ ምልክት ያለበት የጦር ልብስ መልበስን ከለከሉ። ሌላ ልብስ ያልነበረው ሁሉ ንሥሩን ነቅሎ ቆቡን አጠለቀ። በ1957 ምዕራብ ጀርመን የጦርነቱን ሜዳሊያዎች ስዋስቲካው ወጥቶላቸው እንዲደረጉ ፈቀደች። አንዱ ነቀለ፤ ከዓመታት በኋላ ሌላው ለገበያ ብሎ አዲስ ሰፋበት።

እኛስ? በ1966ቱ አብዮት ዘውዱ ከአንበሳው ራስ ሲወልቅ፣ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ ኮከቡ ሲወርድ፣ አንዱን ነቅሎ ሌላውን ለመስፋት ስንቱ ተሽቀዳደመ! በስደት ደግሞ አንድም ቀን ያላደረገውን ምልክት ደረቱ ላይ ሰፍቶ ብቅ የሚለው አለ። ቀዳዳው ግን አይዋሽም።

ልጁ ዝም ብሎ ቆየና «ዝም ብዬ ብሸጠውስ? እኔም ተታልዬ ነው የገዛሁት» አለ። «አንተ ስትገዛው አላወቅህም፤ አሁን ግን ታውቃለህ። ውሸቱን ፈትተህ እውነቱን ሽጥ፤ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አልኩት። «እሱማ እያደር ነው ጋሼ፤ የእናቴ መድኃኒት ግን ዛሬ ነው» አለኝ። መልስ አጣሁለት።

ማክሰኞ ማታ ደወለ። ንሥሩን ፈትቶ፣ ለገዢው ሁሉንም ተናግሮ፣ በ260 ዩሮ ሸጦታል። የጎደለችውን 40 ዩሮ እኔ ሞላሁ። ምክር ብቻውን መድኃኒት አይገዛምና።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን።