በወፍራም ሰው ላይ ከመፍረድ ዘይታችንን እንመርምር

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

በየመሥሪያ ቤቱ በሻይ ሰዓት ስለ ሰው ውፍረት ሲወራ ዘወትር ሁለት ፍርድ ይሰማል። አንደኛው ወገን «ሆዱን ስለሚወድ ነው፤ ቢተው ይከሳ ነበር» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «የዘር ነው፤ እናቱም እንዲሁ ነበሩ፤ ምን ያድርግ?» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። እኔ በበኩሌ ሁለቱም ሳይመረመሩ የተሰጡ ፍርዶች ናቸው ብዬ ስለማምን፣ ይህችን አስተያየቴን ለአንባብያን ያደርሱልኝ ዘንድ በአክብሮት እለምናለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ በእኛ አቆጣጠር ነው ካላልሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የዘር ነው» የሚሉት ሰዎች ያለ ምክንያት አልተናገሩም። በዴንማርክ አገር በጉዲፈቻ ያደጉ 540 ሰዎች ተመርምረው በ1986 በወጣው ጥናት፣ የሰዎቹ ክብደት የሚመስለው የወለዷቸውን እንጂ ያሳደጓቸውን ወላጆች እንዳልሆነ ታይቷል። ከአንድ ገበታ አብረው ያልበሏቸውን ሰዎች መምሰላቸው የሚያስደንቅ ነው። በ2007 ደግሞ ኤፍ.ቲ.ኦ. የሚባለው ጂን ከውፍረት ጋር ያለው ግንኙነት ተገለጠ፤ የዚህን ጂን አንዱን ዓይነት ከእናቱም ከአባቱም የወረሰ ሰው፣ ጭራሽ ካልወረሰው ሰው በአማካይ 3 ኪሎ ያህል እንደሚከብድ ታወቀ። ነገር ግን ሦስት ኪሎ ሦስት ኪሎ ናት፤ ሠላሳ ኪሎ አይደለችም።

እንግዲህ ዘር ሥራውን የሚሠራው እንዴት እንደ ሆነ ማስተዋል ያስፈልጋል። ለእኛ ለቢሮ ሰዎች መዝገብ ቤትን ማሰብ ይበቃል። የጉበት ሕዋስ፣ የስብ ሕዋስ፣ የአንጎል ሕዋስ፣ ሁሉም የያዙት መዝገብ አንድ ነው። ልዩነቱ የትኛው ፋይል ወጥቶ እንደሚሠራበት፣ የትኛውስ ታስሮ ከመደርደሪያው እንደሚቀር ነው። ፋይሉን ከሚዘጉትና ከሚከፍቱት ነገሮች አንዱ በጽሑፉ ላይ የሚለጠፍ ሜታይል የሚባል ትንሽ ኬሚካላዊ ምልክት ነው። ምልክቱ ከጽሑፉ አንድ ፊደል እንኳ አይለውጥም፤ ይሁን እንጂ የታሸገ ፋይል ጽሑፉ ምንም ቢያምር ሥራ ላይ አይውልም። ይህን የሚመረምረው የትምህርት ክፍል ኤፒጀኔቲክስ ይባላል። ምግብ በነገሩ የሚገባውም ከዚህ ላይ ነው። ሰውነታችን ይህን ምልክት ለመሥራት በጎመንና በምስር የሚገኘውን ፎሌትን፣ እንዲሁም ቫይታሚን ቢ 12ን የመሳሰሉ ነገሮች ይፈልጋል። የምንበላው ስብም ቢሆን ዝም ብሎ የሚነድ ማገዶ ብቻ አይደለም፤ ወደ ሕዋሱ ገብቶ ጂኖችን ከሚያዙ ፕሮቲኖች ጋር እየተገናኘ ትእዛዝ ያደርሳል።

በ2003 በአሜሪካ ዋተርላንድና ጀርትል የተባሉ ሊቃውንት፣ ፎሊክ አሲድና ቢ 12 የመሳሰለው የተጨመረበትን ምግብ ለእርጉዝ አይጦች ቢያበሏቸው፣ ቢጫ ሆነው ተወልደው ሲያድጉ ከሚወፍሩት ዓይነት ይልቅ ቡናማዎቹ ግልገሎች በዝተው ተገኙ። አይጥ አይጥ ነው የሚል አንባቢ ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ስለዚህ የሰውን ልጨምር።

በስዊድን አገር በኡፕሳላ ክብደታቸው ልከኛ የሆነ 39 ወጣቶች ለ7 ሳምንት ከዘወትር ምግባቸው በላይ ኬክ እንዲበሉ ተደረገ። የግማሾቹ ኬክ በፓልም ዘይት፣ የግማሾቹ በሱፍ ዘይት የተጋገረ ነበር። በ2014 እንደ ተገለጠው የሁለቱም ወገን ክብደት በእኩል ጨመረ። ነገር ግን ፓልም የበሉት ሰዎች በጉበታቸውና በሆድ ዕቃቸው ዙሪያ የተጠራቀመው ስብ ከሌሎቹ በለጠ፤ የሱፍ ዘይት የበሉት ግን ከስብ ሌላ የሆነው ሥጋቸው የበለጠ ጨመረ። ከቆዳቸው ሥር ያለው ስብ ሲመረመርም፣ ኃይል ማቃጠልንና የስብ ሕዋስ ማደግን የሚመለከቱ ጂኖች በሁለቱ ወገኖች ዘንድ ልዩ ልዩ አሠራር ይዘው ተገኙ። በሚዛን ላይ የታየው ኪሎ አንድ ሲሆን፣ ጂኖቹ የሰሙት ትእዛዝ ግን አንድ አልነበረም።

ይህን ሳነብ ሐሳቤ በቀጥታ ወደ ሸማቾች ማኅበር ሄደ። እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ለብዙ ዓመታት ወረፋ ይዘን በጀሪካን ስንቀበል የኖርነው ዘይት ከውጭ የመጣ የፓልም ዘይት ነው። ዋጋው ለደመወዛችን ስለ ቀረበ ተቀበልነው፤ ያመጣውንም ክፍል አልወቅስም፤ ዘይት ጠፍቶ ከሚቀር ፓልም መገኘቱ ይሻላልና። ነገር ግን የገዛ አገራችን የኑግ ዘይት አብዛኛው ክፍሉ ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለው ስብ ነው፤ ይኸውም በስዊድኑ ሙከራ በሱፍ ዘይት ውስጥ የነበረው ዋነኛ ስብ ነው። ኑጋችን ግን ባሕር ተሻግሮ በአሜሪካ በየግቢው የወፍ መኖ ሆኖ ይሰቀላል! ከውጭ ምንዛሪው ጥቅም እንዳለው አውቃለሁ፤ ሆኖም ወፉ ከሠራተኛው የተሻለ ዘይት እየበላ መኖሩ ያስገርመኛል። (የለጋ ቅቤም ከዚህ ወቀሳ ፈጽሞ ነፃ አይደለም፤ ይህን ግን በቤቴ ውስጥ ጮኬ አልናገረውም።)

ነገሩ ከእናት ማሕፀን ይጀምራል። በ1944 መጨረሻና በ1945 መጀመሪያ፣ በጦርነቱ ጊዜ፣ ጀርመኖች ወደ ምዕራብ ሆላንድ ምግብ እንዳይገባ ከለከሉ፤ የአንድ ሰው የቀን ምግብ ከ1000 ካሎሪ በታች ወረደ። ከዚያ በኋላ 300,000 የሚያህሉ የ19 ዓመት ወንዶች ለውትድርና ሲመረመሩ የተጻፈው መዝገብ በ1976 ተጠንቶ፣ እናቶቻቸው በእርግዝናቸው የመጀመሪያ ወራት የተራቡባቸው ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ ለውፍረት ተጋልጠው ተገኙ። ረኃቡ በመጨረሻዎቹ ወራት የደረሰባቸው ግን ወፍራሞቹ ጥቂት ነበሩ። በ2008 ደግሞ በረኃቡ ወራት የተፀነሱት ሰዎች 60 ዓመት ያህል ካለፋቸው በኋላ ደማቸው ሲመረመር፣ አይ.ጂ.ኤፍ. 2 በሚባለው የእድገት ጂን ላይ ያለው የሜታይል ምልክት ከገዛ ወንድሞቻቸውና እኅቶቻቸው ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ስድሳ ዓመት ሙሉ መዝገቡ የእናቲቱን ረኃብ አልረሳም ማለት ነው።

በእኛ አገር በ1977 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የደረሰውን ረኃብ ማንም አልረሳውም። በዚያ ዘመን የተፀነሱት ልጆች ዛሬ ዕድሜያቸው ወደ አርባ ዓመት ደርሷል፤ በየመሥሪያ ቤቱም አብረውን የሚሠሩ አሉ። ከእነርሱ አንዱ ቢወፍር «ሆዳም» ለማለት አፉን የሚከፍት ባልደረባ፣ ይህን የሆላንዱን ነገር አስቀድሞ እንዲያስብ እለምነዋለሁ። እናቱ ጦሟን ያደረችበትን ሰው በጥጋብ መስደብ ነውር ነው።

«ቢተው ይከሳ ነበር» ለሚሉትም መልስ አለኝ። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የሥራ ጓደኛዬ በብርቱ ጥረት 18 ኪሎ ቀነሰ። ያን ጊዜ ሁሉም አጨበጨበለት። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ኪሎው ሲመለስ ግን ያጨበጨቡት ሁሉ ሳቁበት፤ እርሱም ከእኛ ጋር ምሳ መብላቱን ተወ። በ2024 በስዊስ አገር በዙሪክ ያሉ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት ለዚህ ሰው የቆመ ጠበቃ ይመስለኛል። የጨጓራ ኦፕሬሲዮን ተደርጎላቸው ብዙ ኪሎ የቀነሱ ሰዎች፣ ከመቀነሳቸው በፊትና ከሁለት ዓመት በኋላ ስባቸው ሲመረመር፣ ብዙ ጂኖች ወደ ቀድሞ ሥርዓታቸው አልተመለሱም ነበር። ወፍረው በከሱ አይጦች ላይ ሲፈተንም፣ ስብ የበዛበት ምግብ እንደገና ቢሰጣቸው፣ ወፍረው ከማያውቁት አይጦች ይልቅ ፈጥነው ወፈሩ። ስቡ ቀለጠ እንጂ መዝገቡ አልተፋቀም። ስለዚህ የከሳን ሰው ማጨብጨብ ብቻ አይበቃውም፤ ለብዙ ዓመት የሚደግፈው ገበታና የሚከታተለው ሐኪም ያስፈልገዋል።

ይህን ሁሉ መጻፌ ማንም ሰው «ጂኔ ነው» እያለ ሦስተኛውን ለስላሳ እንዲከፍት አይደለም። «ጂንዎን መርምረን የሚስማማዎትን ምግብ እናዝዛለን» የሚሉ ነጋዴዎችንም ለማሞገስ አይደለም፤ በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ 609 ሰዎች ዓመት ሙሉ ተከታትለው በ2018 በወጣው ጥናት፣ ስብ መቀነስ ለማን፣ ስታርችና ስኳር መቀነስ ለማን እንደሚሻል የጂን ምርመራው መለየት አልቻለም። ገንዘባችሁን ለጎመን አውሉት።

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። የሸማቾች ማኅበራት ከፓልሙ ጎን የኑግና የሱፍ ዘይት ሠራተኛው ሊደርስበት በሚችል ዋጋ የሚያቀርቡበትን መንገድ ቢፈልጉ፣ ስብሰባ የሚያዘጋጁ ክፍሎችም ከቦምቦሊኖና ከለስላሳ ሌላ ቆሎና ሙዝ መኖሩን ቢያስታውሱ መልካም ነው። እኔ በምሠራበት መሥሪያ ቤት ክበብ ውስጥ ወጡ በምን ዘይት እንደሚሠራ ባለፈው ሳምንት ጠይቄ፣ የሚያበስሉት እመቤት «ጀሪካኑ ላይ ያለው ጽሑፍ ተፍቋል፣ ጌታዬ» አሉኝ። የየክበቡ ኃላፊዎች የዘይቱን ስም ከምግቡ ዋጋ ዝርዝር በታች ጽፈው ቢለጥፉልን፣ የሚያስወጣቸው አንድ ወረቀት ብቻ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ