በቀመር የሚራመድ ቤዝ

ቤዝ ጊታር የሚማር ሰው ውሎ አድሮ ዎኪንግ ቤዝ፣ በየምቱ አንድ ኖታ እየረገጠ የሚራመደውን አጨዋወት፣ መማሩ አይቀርም። የሚሰጠው ትምህርትም ከአስተማሪ አስተማሪ፣ ከቪዲዮ ቪዲዮ ብዙ አይለያይም። በሜዠሩ አንደኛ ምት ላይ የኮርዱን ሩት ምታ፤ ሁለተኛው ላይ ሦስተኛውን ድምፅ፤ ሦስተኛው ላይ አምስተኛውን፤ አራተኛው ላይ ከሚመጣው ኮርድ ሩት በግማሽ ድምፅ የሚርቅ ኖታ አስገባ። ኮርዱ ሲቀየር እንደገና ከሩት ጀምር። ተማሪው በጥቂት ቀን ይለምደዋል፤ ኮርድ የተጻፈበት ወረቀት ቢያቀርቡለት እጁ አይቆምም፤ አስተማሪው ደስ ይለዋል፤ ትምህርቱም እዚያው ላይ ያልቃል።

እዚያው ላይ ማለቁ ነው የሚያንገበግበኝ። ይህ ቀመር ጆሮ ያላቸውን ልጆች ሳይቀር ሜዠር ቆጣሪ እያደረጋቸው ነው። ጉዳቱ ደግሞ ከጃዝ ይልቅ በዘፈን ላይ ይብሳል፤ ዘፈን ውስጥ ድምፃዊ አለ፤ ድምፃዊው የሚናገረው ነገር አለ፤ ቤዙ ደግሞ ያንን ንግግር ወይ ይሸከመዋል ወይ ይረግጠዋል።

በወረቀት ላይ እንየው። በዱዎፕ ዘመን ጆሮ የለመደውን ዙር እንውሰድ፤ ዶ ሜጀር፣ ላ ማይነር፣ ሬ ማይነር፣ ሶል ሰቨን። በቀመሩ የሚሄድ ቤዚስት እንዲህ ይጫወተዋል፦ ዶ ሚ ሶል ሶል ሻርፕ፤ ላ ዶ ሚ ሚ ፍላት፤ ሬ ፋ ላ ላ ፍላት፤ ሶል ሲ ሬ ሬ ፍላት። ስህተት የሚባል ኖታ የለበትም። ሆኖም ያዳምጡት፤ በየሜዠሩ ያው ሦስት ኖታ ሽቅብ፣ ከዚያ ያው ክሮማቲክ፣ ከዚያ እንደገና ሀ ብሎ መጀመር። አራት ሜዠር አለቀ፤ የተባለው ነገር ግን አንድ ሜዠር ነው፣ አራት ጊዜ።

አሁን ደግሞ ይህን ይሞክሩ፦ ዶ ሲ ላ ሶል፤ ላ ሲ ዶ ዶ ሻርፕ፤ ሬ ሚ ፋ ፋ ሻርፕ፤ ሶል ፋ ሚ ሬ፤ ከዚያም ዶ። ቤዙ በመጀመሪያው ሜዠር ይወርዳል። ከሁለተኛው ጀምሮ ከላ ተነስቶ አንዴም ሳይመለስ እስከ አራተኛው ሜዠር ሶል ድረስ ይወጣል። ከዚያ በደረጃ ወርዶ ዶ ላይ ያርፋል። በዚህ መስመር ውስጥ ኮርዱን ሙሉ አድርጎ የዘረዘረ ሜዠር አንድም የለም፤ አንዱ ላይ ሦስተኛው ድምፅ ቀርቷል፣ ሌላው ላይ አምስተኛው። ምንም አልጎደለም፤ እነሱን ጊታሩና ኪቦርዱ ይዘዋቸዋል። ቤዙ የያዘው ማንም ያልያዘውን ነው፤ ከየት ተነስተን ወዴት እንደምንሄድ። ድምፃዊው በሦስተኛው ሜዠር ዜማውን ወደ ታች ሲያመጣ ቤዙ ሽቅብ እየመጣ ይቀበለዋል። ይህንን መገናኘት ቀመሩ ሊያስበው አይችልም፤ ከአራት ምት ወዲያ አያይምና።

ቀመሩን የሚከላከሉ ሰዎች ጀማሪ ከአንድ ነገር መነሳት አለበት ይላሉ። ይነሳ! የኮርድ ድምፆችን በየፍሬቱ ማወቅ ግዴታ ነው፤ ያለ እሱ ቤዝ አይያዝም። ችግሩ ልምምዱን ሙዚቃ ብሎ መሸጡ ላይ ነው። ጣት አንድ ጊዜ በሜዠር ልክ ማሰብ ከለመደ በኋላ ማላቀቁ ከባድ ነው፤ ዓመታት የተጫወቱ ሰዎች ሜዠር በተቀየረ ቁጥር ሩት ላይ ካላረፉ የሚጨነቁት ለዚህ ነው።

በዘፈን ውስጥ ቤዝ በእውነት የተራመደባቸውን ቦታዎች ጆሮ ሰጥቶ ማዳመጥ ይህን ሁሉ ያስረዳል። ቢትልሶች እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጡት «ኦል ማይ ላቪንግ» አለ። ጆን ሌነን በጊታሩ ትሪፕሌት እያርገፈገፈ ይሮጣል፤ ፖል ማካርትኒ ከሥር በየምቱ አንድ ኖታ እያስቀመጠ በእርጋታ ይሄዳል። ሁለቱ ፍጥነቶች አንድ ላይ ሆነው ነው ዘፈኑን የሚያበሩት። ያንን ቤዝ የሚጫወተው ሰው ራሱ ድምፃዊው መሆኑን ልብ ይሏል፤ ዜማውና ቤዙ ከአንድ ሰው አፍና እጅ ይወጣሉ። በ1970 የወጣው የቫን ሞሪሰን «ሙንዳንስ» ደግሞ ለቀመሩ የከፋ ፈተና ነው። ስንኙ የሚሄደው ላ ማይነር ሰቨንና ሲ ማይነር ሰቨን እየተመላለሱ ነው፤ ሁለት ኮርድ ብቻ። ቀመረኛ ቤዚስት እዚያ ላይ ቢቀመጥ በሁለት ሜዠር ውስጥ ያለውን ሁሉ ተናግሮ ይጨርሳል። ጆን ክሊንግበርግ ግን በቤዝ ጊታር እነዚያን ሁለት ኮርዶች ይዞ ሰው ያለመሰልቸት እንዲከተለው አድርጓል። ኮርድ በሌለበት መንገድ የሚያወጣ ቤዚስት ማለት እሱ ነው።

አንድ ሌላ የተለመደ ሐሳብም አለ፤ ዎኪንግ ቤዝ የጃዝ ንብረት ነው፣ ዘፈን ውስጥ ሲገባ የጃዝ ጌጥ ነው የሚል። ይህ ከታሪክ ጋር አይገጥምም። ባሕ በ1722 ባጠናቀረው የክላቪየር መጽሐፍ የመጀመሪያ ክፍል የመጨረሻው ፕሪሉድ ከሥሩ እኩል እየረገጠ የሚሄድ ቤዝ አለው። በአሜሪካ ዋልተር ፔጅ በካውንት ቤሲ ባንድ ውስጥ አራቱን ምት እኩል አድርጎ ሲሄድ ሰው የሚጨፍርበት ሙዚቃ ነበር የሚሠራው። ቻክ ቤሪ በ1958 ባወጣው «ጆኒ ቢ ጉድ» ላይ የሚራመደውን ቤዝ የተጫወተው የብሉዝ ሰው ዊሊ ዲክሰን ነው። ፌንደር በ1951 ፕሪሲዥን ቤዝን ለገበያ ሲያቀርብ መሣሪያው የገባው የሚራመድ ቤዝ የዕለት እንጀራ በሆነበት የጭፈራ ቤት ሙዚቃ ውስጥ ነው። ስለዚህ አንድ የዘፈን ቤዚስት ሲራመድ ከማንም አልተበደረም።

ይበልጥ የሚያስተምረን ግን ጃማይካ ነው፤ እዚያ ላይ ጥቂት ልቆይ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ስካ የተባለው ሙዚቃ ሲፈጠር ጊታሩና ፒያኖው ከምቱ ውጪ ያለውን ቦታ ያዙ። ምቱን ራሱን የያዘው ቤዙ ነው። የስካታላይትስ ባንድ ቤዚስት ሎይድ ብሬቬት በኮንትራባሱ በየምቱ እየረገጠ ይሄዳል፤ እሱ ባይኖር ከላይ ያለው ሁሉ የሚንጠለጠልበት አያገኝም ነበር። (ባንዱ «አዲስ አበባ» የሚል ርዕስ ያለው ዜማም አለው፤ ለአማርኛ አንባቢ ሳይነግሩ ማለፍ ይከብዳል።) በ1966 ግድም ሙዚቃው ቀዘቀዘ፤ ሮክስቴዲ መጣ። ኮንትራባሱ ለቤዝ ጊታር ቦታውን ለቀቀ፤ እንደ ጃኪ ጃክሰን ያሉ ቤዚስቶች በየምቱ መርገጡን ትተው አጭር ሐረግ መምታት፣ ዝም ማለት፣ እንደገና መመለስ ጀመሩ። ሬጌ ያንን ዝምታ ወርሶ አሰፋው። የሙዚቃው ስም እስኪቀየር ድረስ ለውጥ ያመጣው አንዱ ትልቅ ነገር ቤዙ መራመዱን ማቆሙ ነው።

የጃማይካ ሙዚቀኞች መቼ እንደሚራመዱና መቼ እንደሚያቆሙ የወሰኑት ጭፈራውንና ድምፃዊውን ሰምተው ነው። ቀመሩ ይህን ውሳኔ ከተማሪው ይነጥቀዋል። እንዴት እንደሚራመድ ይነግረዋል፤ መራመድ ያስፈልግ እንደሆነ እንዲጠይቅ ግን አያደርገውም።

ስለ ኖታው ርዝመት ደግሞ ከነጭራሹ የሚናገር አስተማሪ ብዙ አላገኘሁም። ኮንትራባስ ሲመታ ድምፁ ያብባል፣ ወዲያው ይከስማል፤ በሁለት ኖታ መካከል አየር ይገባል። ቤዝ ጊታር አዲስ ክር ተገጥሞለት በማጉያ ሲወጣ ግን ድምፁ እየተንጠለጠለ ይቆያል፤ አራቱ ኖታዎች እርስ በርስ ይደራረቡና እርምጃው ጭቃ ይሆናል። በድሮው ፕሪሲዥን ቤዝ ብሪጅ ሽፋን ሥር ክሩን የሚያፍን ስፖንጅ ነበር። ቤዚስቱ ጄምስ ጄመርሰን በሞታውን ስቱዲዮ ስፖንጁን አልነቀለም፤ ልስልሱን ፍላትዋውንድ ክርም አልለወጠም። እሱ ከዲትሮይት የጃዝ ቤቶች ኮንትራባስ ይዞ የመጣ ሰው ነው። ከመራመድ ወስዶ ወደ ዘፈን ያመጣው አራት እኩል ምትን አይደለም፤ ምቱንማ ሰባበረው። ያመጣው ኮርድን ከኮርድ የሚያያይዘውን መስመርና እያንዳንዱ ኖታ የት ማለቅ እንዳለበት ማወቅን ነው። ኖታ የሚያልቅበትን ቦታ የሚወስነው ክሩን የሚለቀው የግራ እጅ ነው፤ ይህ ግን በቀመሩ ውስጥ የለም።

ወደ እኛ ሙዚቃ ስንመጣ ጉዳቱ ይሰፋል። ትዝታ ሜጀር ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው። ቀመሩ የለመደበት ልጅ ከዶ ሜጀር ወደ ላ ማይነር ሲያልፍ እጁ ሳያስበው ሶል ሻርፕን ይነካል። ሶል ሻርፕ በዚህ ቅኝት ውስጥ የለም፤ ድምፃዊዋ በአምስት ድምፅ የገነባችውን ናፍቆት ቤዙ ከሥር ያፈርሰዋል። አንቺሆዬ ላይ ደግሞ የባሰ ነው። ከዶ ወደ ሬ ፍላት፣ ከፋ ወደ ሶል ፍላት ያለው የግማሽ ድምፅ ርቀት የቅኝቱ መለያ ነው፤ አንቺሆዬን አንቺሆዬ የሚያሰኘው እሱ ነው። ቤዚስቱ በየሜዠሩ መጨረሻ በራሱ ግማሽ ድምፅ እየተንሸራተተ ከመጣ ያ መለያ ጎልቶ የሚታይበት ቦታ ያጣል። ሰሚው ምን እንደተበላሸ በስም ላይጠራው ይችላል፤ አካሄዱን አይቶ ስንቁን እንደሚቀማው ሰው ግን እምነቱን ከባንዱ ላይ ያነሳል።

ምቱም አለ። ችክችካ ስድስት ስምንተኛ ነው፤ ሦስት ሦስት ሆኖ የሚንከባለለውን ከበሮ አራት እኩል እርምጃ ከጫኑበት ጭፈራው ይሰበራል፤ እስክስታ የሚመታ ትከሻ ከማንም ቀድሞ ያውቀዋል። ከአይቤክስና ከሮሃ ባንድ ጋር የተጫወተው ጆቫኒ ሪኮም ሆነ በኢትዮ ጃዝ ቀረጻዎች ላይ ያሉ ቤዚስቶች ብዙ ጊዜ የያዙት ከከበሮው ጋር ተቆላልፎ የሚመላለስ ሐረግ ነው። ይህንን ያልሠለጠነ አጨዋወት አድርገው የሚያዩ፣ «ዘመናዊ» ለማድረግ ዎኪንግ የሚጨምሩበት ወጣቶች አሉ። እነሱን የሚገፋቸው ቀመሩ ራሱ ነው፤ ብዙ ኖታ ማለት ብዙ እውቀት ነው ብሎ አስተምሯቸዋልና።

ይህን ስል በእኛ ዘፈን ቤዝ አይራመድ ማለቴ አይደለም። አራት አራተኛ በሆነ ዝግ ያለ ትዝታ ላይ፣ ድምፃዊው ስንኙን ጨርሶ ትንፋሽ በሚወስድበት ቦታ፣ ከላ ወደ ሶል፣ ወደ ሚ፣ ወደ ሬ ወርዶ ዶ ላይ የሚያርፍ ቤዝ ከማንኛውም ክሮማቲክ ይበልጣል። በሶልና በሚ መካከል ያለውን ክፍተት ያለ ፋ ይሻገረዋል፤ ዝላዩ የቅኝቱ ነው፣ ቤዙም የቅኝቱን እግር ይዞ ሄደ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን እርምጃ ከውጭ በመጣ ወረቀት ላይ ማንም አያገኘውም። ከማሲንቆና ከክራር አጃቢነት፣ ከድሮ ባንዶች ቀረጻ እየሰሙ ማውጣት ያስፈልጋል።

ከአስተማሪዎች የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ተማሪው መሣሪያውን ከመያዙ በፊት የዘፈኑን ዜማ ከዳር እስከ ዳር ያንጎራጉር። ቀጥሎ ቤዙን በአፉ ያዚም፤ በአፍ የማይዜም መስመር በጣትም አይራመድም። ኮርዶቹን ከኋላ ወደ ፊት ያንብብ፤ መጨረሻው ላይ የሚያርፍበትን ኖታ መጀመሪያ ይምረጥና ወደዚያ የሚያደርሰውን መንገድ ይፈልግ። የት ላይ ዝም እንደሚልም ምልክት ያድርግ።

ከዚያ ጊታሩም ኪቦርዱም ከበሮውም ይቁሙና ድምፃዊውና ቤዙ ብቻቸውን ዘፈኑን አንድ ጊዜ ይጨርሱት። በቀመር የተሠራ ቤዝ በዚህ ልምምድ ላይ ሁለት ስንኝ አይዘልቅም፤ ድምፃዊው ራሱ ዞር ብሎ ያየዋል።