ሁለት ወንዞች የሚጋጠሙበት

የስማዳ ሰው በሽሎና ዓባይ የሚጋጠሙበትን በረሃ ያውቀዋል። የጋይንትና የእስቴ ሰውም ስሙን ሳይሰማ አልቀረም። ከዚያ በታች በሽሎ የሚባል የለም። ዓባይ ይዞት ይሄዳል።

በህንድ አገርም እንዲህ ያለ ቦታ አለ። በሂማላያ ተራሮች ውስጥ ነው። ዴቭፕራያግ ይባላል። እዚያ ባጊራቲና አላክናንዳ የሚባሉ ሁለት ወንዞች ይገናኛሉ። ከዚያ ወዲያ ስማቸው አንድ ነው፤ ጋንጀስ ይባላል። ያገሩ ሰው እየጮኸች የምትወርደውን ባጊራቲን አማት፣ ዝግ ያለችውን አላክናንዳን ምራት ይላቸዋል። መቼም አማትና ምራት የሌሉበት አገር የለም!

የሂንዱ ሃይማኖት ተከታዮች ውሃው ኃጢአት ያጥባል ብለው ያምናሉ። ከሩቅ አገር መጥተው ይነከሩበታል። በዕቃ ቀድተውም ለቤተሰብ ይወስዳሉ። እኛ ዘንድ ከግሽ ዓባይ ጠበል እንደሚቀዳው ማለት ነው።

ታዲያ ውሃው ኃይለኛ ነው። ስለዚህ ከዳር ካለው ድንጋይ ላይ የብረት ሰንሰለት ታስሯል። ተሳላሚው ሰንሰለቱን ይዞ ይነከራል። ውሃው የተቀደሰ ነው ብሎ እጁን አይለቅም።

በሰኔ ወር 2005 ዓ.ም. በእነዚያ ተራሮች ላይ ከባድ ዝናብ ጣለ። ወንዞቹ ሞሉ። ከ5,000 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ ወይም ደብዛቸው ጠፋ። ብዙዎቹ ለመሳለም የሄዱ ነበሩ።

በሽሎም የሚነሣው ከወሎ ደጋ ነው። ወሎ ሲዘንብ ስማዳ ፀሐይ ሊሆን ይችላል። ውሃው ድንገት ሲደፈርስ፣ ጭራሮና ቅጠል ይዞ ሲመጣ ካያችሁ፣ ደራሹ ከኋላው ሊሆን ይችላል። ልሻገር አትበሉ። ልጁንም ከብቱንም ይዛችሁ ቶሎ ወደ ላይ ውጡ።