ሥዕሉ ሲጣመም ፓይተንን አትውቀሱ

በፓይተን ሥዕል መሥራት የጀመረ ተማሪን ቶሎ ከሚያደናግሩት ነገሮች አንዱ ሦስት ማዕዘኑ አልገጥም ማለቱ ነው። ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን እያንዳንዱ ማዕዘኑ 60 ዲግሪ መሆኑን በሒሳብ ክፍል ተምሯል። ስለዚህ ተርትል በተባለው የፓይተን የሥዕል ሞጁል መስመር የምትስለውን ኤሊ 100 ያስኬዳትና 60 ዲግሪ ያዞራታል፤ ይህንኑ ሦስት ጊዜ ይደግማል። የሚያገኘው ግን ያልተዘጋ የስድስት ጎን ግማሽ ነው። ፓይተን የታዘዘውን በትክክል ስለፈጸመ አንድም የስህተት መልእክት አያወጣም። ኤሊዋ የምትዞረው ቀድሞ ፊቷን ካዞረችበት አቅጣጫ ተነስታ ስለሆነ 120 ዲግሪ ያስፈልጋታል። የጀማሪዎች የግራፊክስ ስህተት አብዛኛው እንዲህ ያለ ነው ባይ ነኝ። የሚያሳስታቸው ስክሪኑ እንዴት እንደሚሠራ በጭንቅላታቸው የያዙት ግምት እንጂ የቋንቋው ሕግ አይደለም። «ይቺን መስመር ጨምርበት» የሚባለው ፈውስ ደጋግሞ የሚከሽፈውም ለዚህ ነው።

ተማሪው ፓይጌም ወደተባለው የጨዋታ መሥሪያ ሲሻገር ነገሩ ይብሳል። በተርትል ዜሮ ነጥቡ መሐል ላይ ነው፤ ዋይ ሲጨምር ወደ ላይ ይወጣል፣ ልክ እንደ ሒሳብ ደብተር። በፓይጌምም፣ ቲኪንተር በተባለው የመስኮት መሥሪያም ግን ዜሮው ከላይ በግራ ጥግ ሆኖ ዋይ ሲጨምር ወደ ታች ይወርዳል። ኳሷ እንድትነጥር 5 የደመረ ልጅ ስትሰምጥ ያያታል። ቀጥሎ ደግሞ ኳሷ ባለፈችበት ሁሉ ጭራ ትተዋለች። ልጁ ኳሷን ከቦታ ቦታ የሚሄድ ዕቃ አድርጎ ነው የሚያስባት፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ግን የተቀባ ቀለም ብቻ ነው። በየዙሩ መደቡን መልሶ ቀብቶ፣ ኳሷን በአዲሱ ቦታ ስሎ፣ ማሳያውን ማደስ የእሱ ሥራ ነው። መስኮቱ «ምላሽ አይሰጥም» ብሎ የሚደርቀውም በዚያው ዙር ውስጥ የአይጥና የቁልፍ ሰሌዳ መልእክቶችን የሚቀበል ስለሌለ ነው። የ90 ሳይን 1 ይሆናል ብሎ 0.89 የሚያገኘውም ራዲያን የሚጠብቀውን ፓይተን በዲግሪ ስላናገረው ነው።

«ልጆቹ መጀመሪያ ይደሰቱ፤ ዝግጁ ኮድ ስጧቸው፤ መረዳቱ ይደርሳል» የሚሉ አስተማሪዎች አሉ። ግማሽ እውነት አላቸው፤ በንድፈ ሐሳብ የተጀመረ ትምህርት ተማሪ ያሸሻል። ነገር ግን ዝግጁው ኮድ የሚያገለግለው ሥዕሉ ሳይቀየር እስከቆየ ድረስ ነው። አራት ማዕዘኑን ወደ አምስት ማዕዘን ለውጥ ሲባል ልጁ 90ን በ108 ይተካል፤ ትክክሉ 72 መሆኑን ከየት ያውቃል? እ.ኤ.አ. በ1967 ሎጎ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ከፈጠሩት አንዱ የሆነው ሲሞር ፔፐርት፣ ልጆች ራሳቸውን በኤሊዋ ቦታ አድርገው እንዲያስቡ የመከረው በዋዛ አልነበረም። ተነስቶ ወለሉ ላይ ሦስት ማዕዘን የተራመደ ልጅ 120ን በእግሩ ያገኘዋል፤ ደስታም ከተባለ ይኸው ነው። ኮዱን በሰው ሠራሽ አስተውሎት አስጽፋለሁ የሚልም ቢሆን ጭራው ከየት እንደመጣ ካልገባው ምን ብሎ እንደሚጠይቅ አያውቅም።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ የማይገባ አንድ ስህተት አለ፤ ፋይሉን ራሱን «ተርትል» ብሎ መሰየም። ፓይተን ሞጁል ሲፈልግ የሚጀምረው ፕሮግራሙ ከተቀመጠበት ፎልደር ስለሆነ የልጁን ፋይል ያገኝና እውነተኛውን ተርትል ሳይደርስበት ይቀራል። እዚህ ላይ ስለ ስክሪን ማብራራት ከንቱ ድካም ነው፤ የፋይሉን ስም ቀይር ማለት ይበቃል።