የጊሽጣ ቅጠል የኪሞ ምትክ አይደለም
ለካንሰር ሕሙማን፣ ለአስታማሚዎችና ለጠያቂዎች የቀረበ ማሳሰቢያ

ሕመምተኛ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም። ድሮ የሚያዘው ብርቱካንና ሙዝ ነበር። አሁን አሁን በፌስታል የተቋጠረ ደረቅ ቅጠልና በሃይላንድ የተሞላ ቡኒ ውኃም ታክሎበታል። “ጊሽጣ ነው፤ ከኪሞ 10,000 እጥፍ ይበልጣል፤ ጠዋት አንድ ብርጭቆ፣ ማታ አንድ ብርጭቆ።”

አምጪው ክፋት የለበትም፤ ቁጥሩም ከሜዳ የተነሣ አይደለም። በ1996 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የጊሽጣ ወገን ከሆነው ከግራቪዮላ ዘር አንድ ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ቤተ ሙከራ ውስጥ ባደገ የአንጀት ካንሰር ሕዋስ ላይ ሲሞክሩት፣ አድሪያማይሲን ከተባለው የኪሞ መድኃኒት 10,000 እጥፍ በርትቶ ተገኘ። ወሬው ከዚህ አላለፈም። የቤተ ሙከራው ሳህን ጉበትም፣ ኩላሊትም፣ ነርቭም የለውም፤ በረኪና ቢንጠባጠብበትም ሕዋሱ ይሞታል። ለዚያውም የተመረመረው ዘሩ ነው፤ ሰው የሚያፈላው ግን ቅጠሉን ነው። ግራቪዮላ ካንሰርን እንደሚፈውስ በሰው ላይ በተደረገ ሙከራ አልተረጋገጠም።

ከዕፅዋት መድኃኒት አይወጣም ማለታችን አይደለም። ቪንክሪስቲን ከማዳጋስካር አበባ፣ ፓክሊታክሴል ከዛፍ ቅርፊት የተገኙ የኪሞ መድኃኒቶች ናቸው። ሆኖም ተጣርተው፣ መጠናቸው በሚሊግራም ተለክቶ፣ በሰው ላይ ተፈትነው ነው ለሕመምተኛ የደረሱት። አበባውን አፍልተህ ጠጣ የሚል ሐኪም የለም።

አደጋዎቹን ልብ ይበሉ፦

ነርቭ ይጎዳል፦ በካሪቢያኗ ጓደሉፕ ደሴት ግራቪዮላን አዘውትረው በሚመገቡና ሻዩን በሚጠጡ ሰዎች ላይ ፓርኪንሰን መሰል ሕመም በብዛት መታየቱን ሐኪሞች በ1999 እ.ኤ.አ. ዘግበዋል። የተጠረጠረው አኖናሲን የተባለው የተክሉ ንጥረ ነገር ነው።

ይመርዛል፦ “ቫይታሚን ቢ17” እየተባለ የሚሸጠው የአፕሪኮት ፍሬ አስኳል ቫይታሚን አይደለም፤ ሆድ ውስጥ ሳያናይድ ያመነጫል። አስኳሉ ውስጥ ካለው ንጥረ ነገር የተሠራው ሌትራይል አሜሪካ ውስጥ በ178 ሕሙማን ላይ ተሞክሮ በ1982 እ.ኤ.አ. ውጤቱ ሲወጣ፣ የተፈወሰ አንድም ሰው አልነበረም።

መድኃኒት ያዛባል፦ የግሬፕፍሩት ጭማቂ አንጀት ውስጥ መድኃኒት የሚፈጨውን ኢንዛይም ያግዳል። ስለዚህ እንደ ኢማቲኒብ ያሉ የካንሰር እንክብሎች ከታዘዘው መጠን በላይ ደም ውስጥ ሊከማቹ ይችላሉ።

ጊዜ ይበላል፦ ዛሬ በቀዶ ጥገና ሊወጣ የሚችል ዕጢ፣ ቅጠል ሲጠጣ በከረመ ሰው ላይ ሊሰራጭ ይችላል። በ2018 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ መደበኛውን ሕክምና ትተው በአማራጭ ሕክምና ብቻ የቆዩ ሕሙማን የመሞት ዕድላቸው መደበኛውን ከወሰዱት ጋር ሲነጻጸር 2.5 እጥፍ ነበር።

ስለዚህ የተጀመረ ሕክምና አይቋረጥ፤ ቀጠሮ አይለፍ። ቅጠልም ሆነ ጭማቂ የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ አይደብቅ፤ ከቻለ ፌስታሉን ይዞ ሄዶ ያሳይ። የጀመረውም ሰው አይፈር፤ ዛሬውኑ ይናገር። ብርቱካኑና ሙዙ ምግብ ነው፤ ሐኪም ካልከለከለ ይበላ።

ጠያቂዎችም ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ከክፍለ ሀገር መጥቶ ለሚታከም ሰው የአንድ ሌሊት ማደሪያ፣ የታክሲ ሒሳብ፣ በኪሞው ቀን አብሮት የሚቀመጥ ሰው ከየትኛውም ቅጠል ይበልጥበታል።