ደወላቸውን ያስመለሱ ሰዎች ከተማ

የዚህ ወር ጨዋታችን ከአዲስ አበባ ራቅ ይላል። ወደ ለንደን የሄድኩት ለሽርሽር ሳይሆን እማዬን ላመጣት ነበር። እህቴ ጋ ለሦስት ወር ብላ ሄዳ አምስት ወር አልፏት ነበር። እህቴ ደግሞ “እዚሁ ትቅር፤ ጠበቃም አነጋግሬያለሁ” ማለት ጀምራለች። እኔ “ቤቷ ይሻላታል” እላለሁ። እህቴ “እዚህ ሐኪሙም፣ እኔም፣ የልጅ ልጇም አለን” ትላለች። በደረስኩ በሦስተኛው ቀን ከእህቴ ጋር የምንነጋገረው በልጇ በኩል ሆነ። “እናትህን ጨው አቀብይኝ በላት” ዓይነት።

ቅዳሜ ጠዋት እህቴ “ቤት ውስጥ ተፋጠን ከምንውል” ብላ ራይ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ወሰደችን። ከለንደን ሴንት ፓንክራስ ጣቢያ ተነስቶ አሽፎርድ ላይ ባቡር ለሚቀይር ሰው ከአንድ ሰዓት ትንሽ የሚያልፍ መንገድ ነው። ራይ በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በኮረብታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ድሮ ባሕር ይከባት ነበር፤ አሁን ባሕሩ ሸሽቷት ኪሎ ሜትሮች ርቆ ይታያል። መንገዶቿ በድቡልቡል ድንጋይ የተነጠፉ ስለሆኑ ተረከዝ ያለው ጫማ እንዳታስቡ። እማዬ ክንዴን ይዛ “ይሄማ የጎንደር መንገድ ነው” እያለች ወጣችው።

ከኮረብታው አናት ላይ ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች። የአንግሊካን ደብር ናት፤ ግንባታዋ የተጀመረው በ12ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እማዬ ስሟን ስትሰማ ነጠላዋን አስተካከለች። በሩ ላይ ግን ቆመች። “የኛ አይደለም፤ ልግባ?” አለች። ሁለታችንም መልስ አልነበረንም። ትንሽ አሰበችና “የማርያም ቤት ነው” ብላ ጫማዋን አወለቀች።

ሰው ሁሉ ከነጫማው በሚገባበት ቦታ በካልሲ ስትቆም፣ እውነቱን ልናገር፣ አፈርኩ። ወለሉ ድንጋይ ነው፤ ብርዱ ደግሞ የመጋቢት። በር ላይ እንግዳ የሚቀበሉ አንዲት አሮጊት የበጎ ፈቃድ አገልጋይ አይተዋት ተነሱ። ሊከለክሏት መስሎኝ ማብራሪያ ላዘጋጅ ስል፣ ከወንበሩ ሥር ምዕመናን ለጸሎት የሚንበረከኩበትን በክር የተጠለፈ ትራስ አመጡና እግሯ ሥር አኖሩላት። እማዬ እጅ ነሳች፤ ሴትየዋም እንደ አቅማቸው ጎንበስ አሉ። አንድ ቃል እንኳን አልተለዋወጡም።

የእህቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እሱን የገረመው ከጣሪያው ወርዶ እቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘው ረጅሙ የሰዓት ፔንዱለም ነው። ሰዓቱ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1561 እና 62 ገደማ ነው፤ እስካሁን ከሚሠሩት የእንግሊዝ የማማ ሰዓቶች አንጋፋ ከሚባሉት አንዱ ነው። ከውጭ በኩል ከሰዓቱ በላይ በወርቅ ቀለም የተለበጡ ሁለት የልጆች ምስሎች ቆመዋል። በየሩብ ሰዓቱ ደወል ይመታሉ፤ ሰዓቱ ሲሞላ ግን ዝም ይላሉ። ልጁ “ለምን?” ብሎ ጠየቀ። እማዬ “ለትልቁ ሥራ ትልቅ ሰው አለ” አለችው።

ወደ ማማው የወጣነው እሱና እኔ ብቻ ነን። ደረጃው ጠባብ ነው፤ አንዳንዱ ቦታ በጎን እንጂ ፊት ለፊት አያሳልፍም። ወፈር ላለ ሰውም ሆነ ጉልበቱን ለሚያመው አልመክርም። በመንገድ ላይ ግን የሰዓቱን ሞተርና ትልልቆቹን ደወሎች በቅርብ ታያላችሁ። ከላይ ደግሞ የቀይ ሸክላ ጣሪያዎች፣ በጎች የሚግጡበት ረግረጋማ ሜዳና ከሩቅ ባሕሩ ይታያል።

የደወሎቹን ታሪክ ለልጁ የነገርኩት እዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1377 ፈረንሳዮች በባሕር መጥተው ራይን አቃጠሉ፤ የቤተ ክርስቲያኗንም ደወሎች ይዘው ሄዱ። በዓመቱ የራይ ሰዎች ከጎረቤታቸው ከዊንቸልሲ ሰዎች ጋር ሆነው ወደ ኖርማንዲ ቀዘፉና ደወሎቹን አስመልሰው መጡ። ከደወሎቹ አንዱ ከዚያ በኋላ የጠላት መምጫ ማስጠንቀቂያ ሆኖ ተሰቅሎ እንደነበር ይነገራል፤ “የጥበቃ ደወል” የሚል ስም ያለው መንገድ እስከዛሬ አለ።

ልጁ ደረጃውን ወርዶ ለአያቱ በተሰባበረ አማርኛው ሁሉንም ተረከላት። እማዬ ሰምታ ስትጨርስ “እኛም የተወሰደብን አለ” አለችው። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ላይ አፄ ቴዎድሮስን ወግቶ፣ ንጉሡ ራሳቸውን ካጠፉ በኋላ ወታደሮቹ ታቦታቱን፣ የብራና መጻሕፍቱንና ዘውዱን እንዴት እንደወሰዱ ነገረችው። በ1994 ዓ.ም. ደግሞ ኤድንብራ ከሚገኝ የቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን አንድ ታቦት ሲመለስ፣ አዲስ አበባ ላይ ለመቀበል ከወጣው ሕዝብ መሐል እሷም ነበረች። “ማንም አልቀዘፈም” አለች፤ “ቁም ሣጥን ውስጥ አግኝተውት፣ ያ ቤተ ክርስቲያን ራሱ መለሰው።”

“ሌላውንስ ማን ሄዶ ያመጣዋል?” አላት።

“ገና እየጠየቅን ነው” አለችው።

መቃብሮቹ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን የያዝነውን ዳቦ ስንቆርስ እማዬ፣ ማንንም ሳታይ፣ “እናንተ ስትጨቃጨቁ እኔን ማን ጠየቀኝ?” አለች። እህቴም እኔም አንገታችንን ደፋን። ለካ አምስት ወር ሙሉ አንዳችንም አልጠየቅናትም። እኔ የቤት ኪራዩን፣ እህቴ ሐኪሙን አሰብን እንጂ።

“እሺ፣ እማዬ፣ ምን ትፈልጊያለሽ?” አለች እህቴ።

“ፋሲካን ቤቴ። በክረምት ይሄን ልጅ ላኪልኝ፤ አማርኛው ይስተካከል። ዓመት ደግሞ፣ እግዜር ካለ፣ እመጣለሁ።”

እህቴ አለቀሰች። እኔ አሸንፌያለሁ ብዬ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። በመመለሻው ባቡር ላይ እህቴ ትከሻዬ ላይ ተኝታ ተጓዝን፤ ከተጣላንም ከታረቅንም የሚቆጠር አልነበረም።

የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝና አንድ ነገር ሳልል አልለያችሁም። የራይ ቤተ ክርስቲያን መግቢያው ነጻ ነው፤ የሚከፈለው ለማማው ብቻ ነው። ግን ሰው ሰዓቱን አይቶ፣ ማማውን ወጥቶ፣ ከተማዋ ውስጥ ምሳ በልቶ ይመለሳል። ሰውን የሚስበው ሕንፃው ብቻ አይደለም፤ ታሪኩን የሚነግርና ትራስ የሚያቀብል ሰው በር ላይ መኖሩ ነው።

ይህ እኛም ጋ አይጠፋም። በሚመጣው ቅዳሜ ልጆቻችሁን ይዛችሁ እዚሁ አራዳ ጊዮርጊስ ሂዱ። ስምንት ማዕዘኑን ያስቆጥሯችሁ፤ ከአድዋ ድል ጋር ስላለው ትስስር ንገሯቸው፤ ንግሥት ዘውዲቱና አፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ የጫኑበት መሆኑንም ጨምሩላቸው፤ ሙዚየሙንም አሳይዋቸው። እናታችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። ስትመለሱም ምን እንደምትፈልግ ጠይቋት።

ወር ሰው ይበለን።